ሞያሞያ ሲጠረጠር የሚነሳ የጭንቅላት ምስል፦ ጅማ ላይ ገንዘብ የሚገባው የትኛው ምርመራ ነው?

እዚህ የምንመዝነው አንድ አገልግሎት ነው፤ ሞያሞያ (የአንጎል ደም ቅዳዎችን ቀስ በቀስ የሚያጠብ በሽታ) ለተጠረጠረበት ልጅ ወይም አዋቂ የሚነሳውን የጭንቅላት ምስል። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ተራ ሲቲ ስካን ብቻውን ለዚህ በሽታ አይበቃም። የደም ሥር ምስል ያልተጨመረበት ኤምአርአይም ግማሽ መንገድ ነው የሚያደርሰው። ገንዘብና ድካም የሚገባው የአንጎልን አካልና የአንጎልን ደም ቅዳዎች በአንድ ቀጠሮ አብሮ የሚያሳየው ምርመራ ነው። ኤምአርአይ ላይ ይህን ለመጨመር ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ የማሽን ጊዜ ይበቃል፤ ከሐኪሙ የሚፈለገው ደግሞ ማዘዣው ላይ አንድ መስመር ነው። ያቺ መስመር ከቀረች፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከበደሌ ወይም ከቦንጋ ልጁን ይዞ ጅማ የገባ ቤተሰብ ለዚያው ጥያቄ እንደገና መመላለሱ አይቀርም።

ሞያሞያ በራስ ቅል ሥር ያለውን የውስጠኛውን ካሮቲድ ደም ቅዳ ጫፍ፣ ከእሱ የሚከፈሉትን የፊተኛውንና የመካከለኛውን የአንጎል ደም ቅዳዎች መነሻም ጨምሮ ቀስ በቀስ የሚያጠብ በሽታ ነው። ጥበቱ የሚመጣው የደም ሥሩ የውስጥ ግድግዳ እየወፈረ፣ የውጭ ስፋቱም እየኮሰመነ ሲሄድ ነው፤ በአረጋውያን ላይ እንደሚታየው በስብ ክምችት አይደለም። አንጎል ደም ሲያጥረው በሥሩ በኩል ብዙ ቀጫጭን ተለዋጭ ደም ሥሮች ያበቅላል። እነዚህ በአንጂዮግራፊ (በደም ሥር ምስል) ላይ ተሰባስበው ሲታዩ እንደ ጭስ ብዥ ያለ ጥላ ይሠራሉ። ታኬውቺና ሺሚዙ የተባሉ ጃፓናውያን ሐኪሞች በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1957 ገለጹት፤ ሱዙኪና ታካኩ ደግሞ በ1969 አሁን የሚጠራበትን ስም ሰጥተው ሂደቱን በ6 ደረጃ ከፈሉት። በጃፓን፣ በኮሪያና በቻይና ይበዛል፤ አርኤንኤፍ213 በሚባለው ጂን ላይ ያለ አንድ ለውጥ ከዚያ አካባቢ ሕመምተኞች ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው። በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ግን አይገኝም ማለት አይደለም፤ «የሩቅ ምሥራቅ በሽታ ነው» ተብሎ ጅማ ላይ ከጥርጣሬ ዝርዝር መውጣት የለበትም። ሴቶችን ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይይዛል። በዕድሜ በኩል ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል፤ አንዱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባሉ ልጆች፣ ሌላው በ30ዎቹና በ40ዎቹ ባሉ አዋቂዎች ላይ።

ተመሳሳይ ጥበት ከሌላ በሽታ ጋር ተያይዞም ይመጣል። ሲክል ሴል የደም ማነስ፣ ዳውን ሲንድሮም፣ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 (ቆዳና ነርቭን የሚይዝ የዘር በሽታ)፣ ለጭንቅላት ዕጢ የተሰጠ ጨረር፣ የታይሮይድ ከመጠን በላይ መሥራት ዋናዎቹ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ልብሱን አውልቆ ቆዳው ይታይ፤ ከ5 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ 6 ወይም ከዚያ በላይ ጠፍጣፋ ቡናማ ምልክቶች ካሉ ኒውሮፋይብሮማቶሲስን ማሰብ ግድ ነው። ከጋምቤላና ከምዕራቡ ቆላ ለሚመጣ ልጅ ደግሞ የሲክል ሴል ምርመራ ከምስሉ በፊት ይላክ፤ ርካሽ ነው፣ ሕክምናውንም ሙሉ በሙሉ ይለውጣል።

<b>ምልክቱ ምን ይመስላል</b>

ልጆች ላይ ዋናው ምልክት መጥቶ የሚሄድ ድካም ነው። አንድ እጅ ወይም ግማሽ ጎን በድንገት ይዝላል፣ ንግግር ይያዛል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ሁሉም ይመለሳል። በሌላ ቀን ደግሞ በሌላኛው ጎን ሊመጣ ይችላል፤ ጎን መቀያየሩ በሽታው በሁለቱም ካሮቲድ ላይ እንዳለ የሚጠቁም ትልቅ ፍንጭ ነው። ከዚህ በላይ የሚጠቅመው ጥያቄ «ምን ሲያደርግ ነው የሚመጣበት?» የሚለው ነው። ልጁ አብዝቶ ሲያለቅስ፣ ሲሮጥ፣ ትኩስ ሻይ ወይም ሾርባ ለማብረድ እፍ ሲል፣ ከሰል ወይም እንጨት ለማቀጣጠል እፍ ሲል ከመጣ ጥርጣሬው ይከብዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በፍጥነትና በጥልቀት ሲተነፈስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል፤ ሲወርድ የአንጎል ደም ሥሮች ይጨማደዳሉ። ጤነኛ አንጎል ይህን ይችለዋል። በሞያሞያ የተያዘው ግን ያሉትን ደም ሥሮች አስቀድሞ እስከ ጫፍ ድረስ አስፍቶ ስለሚጠቀም ትርፍ አቅም የለውም፤ ጥቂት መቀነስ ብቻ ለምልክት ይበቃዋል። ትኩሳት፣ ተቅማጥና የውሃ ጥማትም በተመሳሳይ መንገድ አደጋውን ያነሳሉ።

ቤት ውስጥ እሳት የምታቀጣጥለው ብዙ ጊዜ ትንሽ ልጅ በሆነችበት አካባቢ፣ ይህ ጥያቄ በታሪክ አወሳሰድ ላይ በቋሚነት መግባት አለበት ብለን እናምናለን። ወላጅ «እሳት ስታቀጣጥል እጇ ይዝላል» ብሎ ከጭሱ ጋር አያይዞት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ ካልጠየቀ አይናገረውም።

ከድካሙ ሌላ ማይግሬን የሚመስል ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ ያለ ፈቃድ የሚወራጭ እጅና እግር፣ በትምህርት ወደኋላ መቅረት ይታያሉ። አዋቂዎች ላይ የደም እጥረቱ ስትሮክ ቢኖርም የአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ድርሻው ከልጆች ይልቅ ይጎላል፤ እነዚያ ቀጫጭን ተለዋጭ ደም ሥሮች ለዓመታት ጫና ተሸክመው ይቀደዳሉ። ደሙ ብዙውን ጊዜ ቤዛል ጋንግሊያና ታላመስ በሚባሉት የአንጎል ጥልቅ ክፍሎች ወይም የአንጎል ፈሳሽ በሚገኝባቸው ክፍተቶች ውስጥ ይፈስሳል።

በምን ይሳሳታል? በመጀመሪያ በሚጥል በሽታ። ለመጣ ለሄደ የጎን ድካም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ተጀምሮ ልጁ ለረጅም ጊዜ ያለ ምስል ሊቆይ ይችላል። የሚወራጭ እጅና እግር ያላት ልጅ ደግሞ ሮማቲክ ኮሪያ (ከሮማቲክ ትኩሳት የሚመጣ መወራጨት) ተብላ የፔኒሲሊን መርፌ ትጀምራለች፤ የሮማቲክ ልብ በሽታ በአገራችን ብዙ ስለሆነ ግምቱ ምክንያታዊ ነው፣ ግን መወራጨቱ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ወይም ከድካም ጋር ከተፈራረቀ የአንጎል ደም ሥር መታየት አለበት። የልብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ግን በሁለቱም መንገድ ያስፈልጋል፤ ከልብ የሚነሳ የደም መርጋት ለልጆች ስትሮክ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነውና። ሦስተኛው በቲቢ (የሳንባ ነቀርሳን በሚያመጣው ተህዋስ) የሚመጣ ማጅራት ገትር ነው፤ ራስ ቅል ሥር ያሉትን ደም ቅዳዎች አጥብቦ ቤዛል ጋንግሊያን ሲጎዳ ምስሉ ከሞያሞያ ጋር ሊምታታ ይችላል። ለሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ በኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) በተነሳ ምስል ላይ በአንጎል ሥር የሚያበራ ወፍራም ሽፋን፣ የፈሳሽ ክፍተቶች መስፋት ወደ ቲቢው ያመዝናሉ። ኤችአይቪም በራሱ የአንጎል ደም ሥሮችን ስለሚጎዳ ምርመራው አይዘለል።

ጅማ ላይ ስለ አዋቂዎች አንድ ነገር እንጨምር። የ35 ዓመት ሰው አንጎሉ ውስጥ ደም ሲፈስሰው ጫት ወይም ደም ግፊት ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ጫት የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ደሙ ያለው በዋናነት በፈሳሽ ክፍተቶቹ ውስጥ ከሆነ፣ ግፊቱም ከተረጋጋ በኋላ ከፍ ብሎ ካልቆየ፣ የደም ሥር ምስል ሳይነሳ ምክንያቱ ታውቋል ማለት አይቻልም።

<b>ተራ ሲቲ፦ ለአጣዳፊ ሰዓት ጥሩ፣ ለጥያቄው ደካማ</b>

የሲቲ ትልቁ ጥንካሬ ፍጥነቱ ነው። ጭንቅላቱ በሴኮንዶች ይነሳል፤ ብዙ ልጆች ማደንዘዣ ሳይወስዱ ወላጅ አጠገባቸው ቆሞ ይጨርሳሉ። ደም መፍሰሱን ወዲያው ያሳያል፤ ስለዚህ በድንገት የጎን ሽባነት ወይም ከባድ ራስ ምታት ይዞ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ምርመራ እሱ ነው። ሲቲ ሳይታይ አስፕሪን አይጀመርም።

ድክመቱ ግን ለእኛ ጥያቄ ከባድ ነው። ምልክቱ መጥቶ ለሄደበት ልጅ ሲቲው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የደም እጥረት ስትሮክም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይታይ ይችላል። «የጭንቅላት ሲቲ፦ ጤናማ» የሚለው ወረቀት ሞያሞያን አያስወግድም። ያረጁ ጉዳቶች ካሉ ደግሞ ቦታቸው መታየት አለበት። በፊተኛውና በመካከለኛው ደም ቅዳ ግዛቶች ድንበር ላይ፣ በሁለቱም ጎን፣ ዕድሜያቸው የተለያየ ትናንሽ ጉዳቶች ከተደረደሩ የደም አቅርቦቱ ከላይ ጠቧል ማለት ነው። ሪፖርቱ «ያረጀ ስትሮክ» ብቻ ብሎ ካለፈ ሥርጭቱ ተብራርቶ እንዲጻፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።

<b>ሲቲ አንጂዮግራፊ</b>

ይህ ኮንትራስት እየገባ በሲቲ የሚነሳ የደም ሥር ምስል ነው፤ ኤምአርአይ በማይገኝበት ወይም ወረፋው ሩቅ በሆነበት ጊዜ ጥሩ ሁለተኛ ምርጫ ነው። የካሮቲዱን ጫፍ ጥበት በደንብ ያሳያል። ቀጫጭኖቹን ተለዋጭ ደም ሥሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አያወጣቸውም።

ይህ ምርመራ የሚበላሸው በካኒዩላና (ደም ሥር ውስጥ በሚገባው ቀጭን ቱቦ) በሰዓት ነው። ኮንትራስቱ በፍጥነት መግባት አለበት፤ ለልጆች ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር፣ በኪሎ እስከ 2 ሚሊ ሊትር። ለዚህ በክርን መታጠፊያ ላይ ያለ 22 ቁጥር ካኒዩላ ያስፈልጋል፤ ለአዋቂ 20 ወይም 18። ልጁ ከዎርድ ሲመጣ በእጁ ጀርባ ላይ 24 ቁጥር ካኒዩላ ብቻ ካለው ፍጥነቱን አይችልም፤ ኮንትራስቱ ተንጠባጥቦ ስለሚደርስ ደም ቅዳና ደም መልስ አብረው ያበራሉ፣ በራስ ቅል ሥር ያለው ካሮቲድም ከአጥንቱ ጋር ይቀላቀላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ካኒዩላው ከዎርድ ሳይወጣ በፊት ይለወጥ፣ በጨው ውሃ ይፈተሽ። ምስሉ ከ1 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ባላቸው ቁርጦች መዘጋጀት አለበት፤ 5 ሚሊ ሜትር ቁርጥ ላይ የልጅ ደም ቅዳ መጥበቡን መለየት አይቻልም። የሚነሳው ክልልም ከደረት ካለው ትልቁ ደም ቅዳ ጀምሮ እስከ አናት ይሁን።

ከቀጠሮው በፊት የክሬአቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ውጤት ይያዝ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ አዋቂ የኩላሊት ችግር ካለበት መድኃኒቱን ለ48 ሰዓት ስለማቆም ሐኪሙን ይጠይቅ። ከዚህ በፊት በኮንትራስት ሽፍታ ወይም የትንፋሽ ማጠር የገጠመው ሰው ካለ ማዘዣው ላይ በጉልህ ይጻፍ።

<b>ኤምአርአይ ከደም ሥር ምስል ጋር፦ ምርጫችን</b>

በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2021 የተሻሻለው የምርመራ መመሪያ በሽታውን ያለ ካቴተር (በደም ሥር የሚገፋ ረጅም ቱቦ)፣ በኤምአርአይና በኤምአርኤ (በኤምአርአይ ማሽን በሚነሳው የደም ሥር ምስል) ብቻ ለማረጋገጥ ይፈቅዳል፤ የማሽኑ ማግኔት ጉልበት 1.5 ቴስላ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ የማሽኑ ጉልበት ነው። ዝቅተኛ ጉልበት ባለው ማሽን የተነሳ የደም ሥር ምስል ጤነኛውን ደም ሥር የጠበበ ሊያስመስለው ይችላል።

ምን ምን መነሳት እንዳለበት ሲነገር ምርመራውን የሚያነሳው ቴክኖሎጂስት አይቸገርም። ዲፊውዥን፣ ቲ2፣ ፍሌይርና ኤስደብሊውአይ በዚያው ማሽን በተራ የሚነሱ የተለያዩ የምስል ዓይነቶች ናቸው። ዲፊውዥን አዲስ ስትሮክን ያወጣል፤ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ነው። ቲ2 ላይ ጤነኛ ደም ቅዳ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ በሞያሞያ የካሮቲዱ ጫፍና የመካከለኛው ደም ቅዳ ጥቁረት ይሳሳል ወይም ይጠፋል፣ በምትኩ ቤዛል ጋንግሊያ ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይወጣሉ። በአንድ ጎን 2 ወይም ከዚያ በላይ እንዲህ ያሉ ነጥቦች መታየታቸው ጤናማ አይደለም። ፍሌይር ላይ በአንጎል ስርጉዶች ውስጥ ተዘርግተው የሚያበሩ መስመሮች ደሙ በላይኛው ሽፋን በኩል ዝግ ብሎ እንደሚሄድ ያሳያሉ። ኤስደብሊውአይ ያረጁ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦችን፣ እንዲሁም ኦክስጅን ተሟጦባቸው የጎሉ ጥልቅ ደም መልሶችን ያወጣል። በመጨረሻም ታይም ኦፍ ፍላይት የሚባለው ኤምአርኤ ያለ ምንም የኮንትራስት መርፌ ደም ቅዳዎቹን ያሳያል። ጠቅላላው ከ25 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ጋዶሊኒየም (የኤምአርአይ ኮንትራስት) የሚታከለው ቲቢ፣ ሌላ የደም ሥር ብግነት ወይም ዕጢ ከተጠረጠረ ነው፤ መጠኑ በኪሎ 0.1 ሚሊሞል።

ሦስት ወጥመዶች እዚህ ላይ አሉ። አንደኛው፣ ታይም ኦፍ ፍላይት የሚያየው የሚፈስስ ደምን ስለሆነ ደሙ ሲዘገይ ወይም ሲሽከረከር በምስሉ ላይ አይታይም፤ ጥበት ያለው ሥፍራ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ይመስላል። ራዲዮሎጂስቱ ከቁርጦቹ ተገጣጥሞ የተሠራውን ባለ ሦስት አውታር ሥዕል ብቻ ሳይሆን ጥሬ ቁርጦቹንም ማየት አለበት። ሁለተኛው፣ በፍሌይር ላይ የሚያበሩት መስመሮች ከማጅራት ገትርና በሽፋኑ ሥር ከፈሰሰ ደም ጋር ይመሳሰላሉ። ከዚህ የባሰው ግን ልጁ ተደንዝዞ ብዙ ኦክስጅን እየተሰጠው ከተነሳ በስርጉዶቹ ያለው ፈሳሽ በራሱ ማብራቱ ነው። ስለዚህ «ኦክስጅን ተሰጥቶታል» የሚል ማስታወሻ ከምስሉ ጋር ለአንባቢው ይድረስ። ሦስተኛው የሱዙኪ ደረጃ ነው። ጭስ የሚመስለው ጥላ በደረጃ 3 ይበረታል፤ ከዚያ በ4ኛውና በ5ኛው እየሳሳ ሄዶ በ6ኛው ይጠፋል፣ አንጎሉም በአብዛኛው ከውጭኛው ካሮቲድ በሚመጣ ደም ይመገባል። «የጭስ ጥላ የለም፤ ስለዚህ ሞያሞያ አይደለም» የሚል ሪፖርት እጅግ የገፋውን በሽታ ሊያሳልፍ ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው የካሮቲዱ ጫፍ ነው።

የማዘዣው ወረቀት «የጭንቅላት ኤምአርአይ፤ ስትሮክ?» ብቻ ከሆነ የሚነሳውም ያንኑ ያህል ነው። እንዲህ ቢጻፍ ግን ይለወጣል፦

«የ7 ዓመት ልጅ። ስታለቅስና እሳት እፍ ስትል የሚመጣ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል የሚቆይ የግራ ጎን ድካም፤ አንድ ጊዜ በቀኝ። የልብ ኢኮ ጤናማ። ሞያሞያ ወይስ ሌላ የደም ቅዳ በሽታ? ዲፊውዥን፣ ቲ2፣ ፍሌይር፣ ኤስደብሊውአይ፣ ታይም ኦፍ ፍላይት ኤምአርኤ ከካሮቲዱ መታጠፊያ በታች ጀምሮ ይነሳ።»

የመጨረሻዋ ሐረግ ትርፍ አይደለችም። የሚነሳው ክልል ከፍ ብሎ ከተጀመረ በሽታው የሚጀምርበት ቦታ ከምስሉ ውጪ ይቀራል።

<b>ዝግጅት፦ ብዙ ነገር የሚበላሽበት</b>

የሞያሞያ ልጅ ለምርመራ ሲዘጋጅ ሁለት ጠላት አለው፤ ጥማትና ለቅሶ። ሁለቱም ስትሮክ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ሁለቱም ደግሞ በተለመደው የማደንዘዣ ዝግጅት ውስጥ ይገኛሉ። «ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ» የሚለው ትእዛዝ ለዚህ ልጅ ጎጂ ነው። ቀጠሮው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ ቀላል ምግብ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት፣ የእናት ጡት እስከ 11 ሰዓት፣ ውሃ ወይም ወተት የሌለበት ቀጭን ሻይ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል፤ ይህ ማለት በቅደም ተከተል 6፣ 4 እና 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ትእዛዙ ለወላጅ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ፣ በሚገባው ቋንቋ ይነገር፣ ሰዓቱም በወረቀት ይጻፍ። ቀጠሮው ከዘገየ ልጁ ግሉኮስ ያለው የደም ሥር ፈሳሽ ይጀመርለት። ወረፋ ውስጥ የመጀመሪያው ተራ ለእሱ ይሰጥ፤ ይህ ልመና ሳይሆን የሕክምና ምክንያት ያለው ጥያቄ ነው።

ካኒዩላው ልጁ ሳይርበው፣ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ፣ ከተቻለ ቆዳ የሚያደነዝዝ ቅባት ተቀብቶ ይገባ። ትልልቅ ልጆች፣ በአብዛኛው ከ7 ዓመት በላይ ያሉት፣ ድምፁ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ከተነገራቸውና ጆሯቸው በደንብ ከተሸፈነ ያለ ማደንዘዣ መተኛት ይችላሉ። ማደንዘዣ ካስፈለገ የደም ግፊቱ እንዳይወርድ፣ ትንፋሹም እንዳይፈጥን ወይም እንዳይዘገይ የሚከታተል ባለሙያ ሙሉ ጊዜ አጠገቡ ይሁን። ግፊት መለኪያ፣ የኦክስጅን መለኪያና የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሳየው መለኪያ እንዳሉ ይጠይቁ። መልሱ «ሽሮፕ እንሰጠዋለን፣ ይተኛል» ብቻ ከሆነ፣ ክትትል ያለበት ቦታ መፈለግ ይሻላል።

ኤምአርአይ ክፍል ከመግባት በፊት ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይውለቅ። ሰንሰለት፣ የጆሮ ጌጥ፣ የሻሽና የሂጃብ መርፌ ቁልፍ፣ የሹሩባ ብረት፣ አንገት ላይ የታሰረ ክታብ ከነሽፋኑ። ክታብ ወይም ማተብ ሲወልቅ በአክብሮት ይጠየቅ፣ ወላጅ በእጁ ይያዘው። ኩልም ይታጠብ፤ አንዳንዱ ብረት ያለበት ስለሆነ በዓይን አካባቢ ምስሉን ያበላሻል፣ የካሮቲዱ ጫፍም ከዚያ ሩቅ አይደለም።

መብራት መቆራረጡም ይታሰብ። ማሽኑ በጄኔሬተር መደገፉን፣ ምርመራው መሃል ላይ ቢቋረጥ በዚያው ክፍያ እንደገና መነሳቱን ከቀጠሮው በፊት ይጠይቁ። ዋጋ ሲነገርም ኤምአርኤው፣ ኮንትራስቱ፣ ማደንዘዣውና ሲዲው የተካተቱ መሆናቸው አንድ በአንድ ይለይ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈር ወረቀቱን ሳይዙ አይምጡ።

<b>ውጤቱን ሲቀበሉ</b>

ፊልም ብቻ ይዘው አይውጡ። አንድ ፊልም ላይ ሀያ ትናንሽ ሥዕሎች ተጨናንቀው ሲታተሙ የደም ሥር ጥበት ከእነሱ አይነበብም። ምስሉ በዳይኮም (የሕክምና ምስል በሙሉ ጥራቱ የሚቀመጥበት የኮምፒውተር ፋይል) ቅርጽ በሲዲ ወይም በፍላሽ ይሰጥዎ። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ መሥራቱ ይታይ፤ የልጁ ስም፣ ዕድሜና የምርመራው ቀን ትክክል መሆኑም ይረጋገጥ። ፊልም በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ለፈጣን ምክር ይጠቅም ይሆናል፤ ለውሳኔ ግን አይበቃም።

ጥሩ ሪፖርት የሚከተሉትን ይመልሳል፦ የሁለቱም ካሮቲድ ጫፍ ምን ይመስላል፣ የፊተኛው፣ የመካከለኛውና የኋለኛው ደም ቅዳ እያንዳንዳቸው እንዴት ናቸው፣ ተለዋጭ ደም ሥሮች አሉ ወይ፣ አዲስና ያረጀ ጉዳት የት የት አለ፣ የደም ነጠብጣብ አለ ወይ። የኋለኛው ደም ቅዳ ተረስቶ ሲቀር ያሳስበናል፤ ፊተኛው ሲዘጋ አንጎሉን የሚደግፈው እሱ ነው፣ እሱም ከጠበበ አደጋው ይጨምራል።

በራስ ቅል በኩል የሚደረገው ዶፕለር (የደም ፍሰት ፍጥነትን የሚለካ አልትራሳውንድ) ርካሽና ጨረር የሌለው ነው፤ ዋና ቦታው ሲክል ሴል ባላቸው ልጆች ላይ ነው። በመካከለኛው ደም ቅዳ ወይም በካሮቲዱ ጫፍ አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 200 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስትሮክ አደጋው ከፍተኛ ስለሆነ ደም የመስጠት ሕክምና ይታሰባል። በገፋ ሞያሞያ ግን ፍጥነቱ ሊወርድ ስለሚችል ዝቅተኛ ቁጥር ብቻውን አያረጋጋም። የአንጎል ሞገድ ምርመራ የታዘዘለት ልጅ ካለ ደግሞ፣ «በደንብ ተንፍስ» የሚለው ክፍል ሞያሞያ ለተጠረጠረበት መዘለል አለበት። ያ ልምምድ በሽታውን የሚቀሰቅሰው ነገር ራሱ ነው።

ካቴተር አንጂዮግራፊ አሁንም ከሁሉ የጠራውን ሥዕል ይሰጣል። ሁለቱም የውስጥ ካሮቲዶች፣ ሁለቱም የውጭ ካሮቲዶች፣ የጀርባ አጥንት ደም ቅዳዎችም መታየት አለባቸው፤ የውጭኛው ካልታየ ቀዶ ሐኪሙ የትኛውን ቅርንጫፍ እንደሚጠቀምና የትኛውን መንካት እንደሌለበት አያውቅም። ይህን ለምርመራ ብቻ ብለን ለሁሉም አንመክርም፤ ቀዶ ሕክምና ሲታቀድ የሚደረግ ነው፣ ከጅማ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ድረስ ሪፈር ሊጠይቅ ይችላል። ለዚያ ጉዞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው በጅማ የተነሳው ጥሩ ኤምአርአይ በሲዲ ነው።

ጥበቱን የሚመልስ መድኃኒት የለም። የደም እጥረት ምልክት ላላቸው፣ ደም መፍሰስ ከሌለ፣ አስፕሪን በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ዋናው ሕክምና ከጭንቅላት ቆዳ በኩል የሚመጣን ደም ቅዳ ከአንጎል ደም ቅዳ ጋር በቀጥታ መስፋት ወይም አንጎሉ ላይ አስተኝቶ አዲስ ደም ሥር እንዲያበቅል ማድረግ ነው፤ ለልጆች ሁለተኛው መንገድ በደንብ ይሠራል። እስከዚያ ድረስ ልጁ በቂ ውሃ ይጠጣ፣ እሳት እፍ ማለት ይቅርበት፣ ትኩሳትና ተቅማጥ በጊዜ ይታከሙ። በረመዳንም ሆነ በዓቢይ ጾም ውሃ ሳይጠጣ የሚውል አዋቂ ሕመምተኛ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር ይመካከር። የደም ግፊት መድኃኒትም በድንገት ከፍ ባለ መጠን አይጀመር፤ ግፊቱ በአንዴ ሲወርድ የጠበበው ደም ሥር ይራባል።

በአንድ ጎን ብቻ የተገኘ በሽታ ወደ ሌላው ሊዛመት ስለሚችል ተከታታይ ኤምአርአይና ኤምአርኤ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ፣ አዲስ ምልክት ከመጣ ደግሞ ወዲያው። ተከታዩ ምርመራ ከተቻለ በዚያው ማሽን፣ በዚያው የቁርጥ አቀማመጥ ይነሳ፤ የድሮው ሲዲም አብሮ ይቅረብ። ማሽኑ ከተቀየረ የሚታየው ልዩነት የበሽታው ይሁን የማሽኑ ለራዲዮሎጂስቱ መለየት ያዳግተዋል።